ቀይ የተቀባችው ቡሎን

«አሥራ ሦስት ቁጥር!»

አባቷ ፊቱን ከሞተሩ ላይ ሳያነሳ መዳፉን ወደ ኋላ ዘረጋ። ፍንጭት ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ መፍቻውን መርጣ አቀበለችው። የዛገው ቡሎን መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ከዚያም ሲጥ ብሎ ዞረ።

«አየሽ? ይለመናል እንጂ አይታገሉትም።»

«አሥራ አራቱን ብሰጥህስ ኖሮ?»

«ጠርዙን ትበዪልኝና ታርፊያለሽ። ከዚያ በኋላ ከመዶሻ ጋር ነው ጨዋታው።»

ፍንጭት የሚለው ስም የወጣላት በፊት ጥርሶቿ መካከል ባለው ክፍተት ነው። የመዝገብ ስሟን የሚጠሩት መምህራኗ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም የፈተና ወረቀት ሲመልሱ ከሁሉም አስቀድመው ይጠሩታል። በዚህ መጋዘን ውስጥ ግን የክፍል አንደኛነት ዋጋ የለውም። እዚህ የሚፈለገው የተጠየቀውን መፍቻ በትክክል ማቀበል ነው፤ እሱንም ቢሆን ማንም አያጨበጭብለትም።

ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መጋዘኑ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ጀርባ ያለ፣ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችና የተጠቀለለ የውኃ ጎማ የታጨቁበት ጨለምለም ያለ ቤት ነው። ግድግዳው ሳይቀር የደረቀ ሣርና የቤንዚን ሽታ ይሸታል። በመሐል ዔሊ ቆማለች። ዔሊ ተማሪዎቹ ለትንሿ የአትክልት ትራክተር ያወጡላት ስም ነው። ከሆዷ ሥር ባለው ስለት ሣር ታጭዳለች፤ ከኋላዋ ጋሪ ሲታሠርላት ቅጠልና አፈር ትጎትታለች። አባቷ የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ በመሆኑ ፍንጭት በእግሯ መሄድ ሳትጀምር በዔሊ ሄዳለች፤ በአባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ መሪውን የምትይዘው እሷ እየመሰላት።

ዛሬ ዔሊ ኮፈኗን አውልቃ፣ አንጀቷን ለሰው አሳይታ ቆማለች። አባቷ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሊዘጋ ሲል ዳይሬክተሯ ዘንድ ቀርቦ «ሞተሩ አብቅቶለታል» ብሏቸዋል። እሳቸውም ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ቃል ነውና ሳይመረምሩ ተቀበሉት፤ «እንግዲያው አውጣውና አሮጌ ብረት ለሚሰበስቡት ስጥልኝ። ሌላ እስኪገኝ ሣሩን በእጅ እናጭዳለን» አሉ። ፍንጭት ያን ዕለት ማታ አልቅሳ ነበር። ለብረት ማልቀስ ስላሳፈራት ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ነው ያለቀሰችው።

ሥራው ተራውን ጠብቆ ይሄዳል። የባትሪው ገመድ ከሁሉ በፊት ተፈታ። የቤንዚኑ ቱቦ በፒንሳ ታንቆ ተነቀለ። ጭስ ማውጫው በጥቀርሻ እንደተሸፈነ ወለሉ ላይ ተጋደመ። የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ቺንጋ፣ ያ ጥቁሩ የጎማ ቀበቶ፣ ከፑሊው ላይ ወልቆ እንደ ሞተ እባብ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ ሞተሩን ከሻንሲው፣ ከዔሊ የብረት አጽም፣ ጋር ያሠሩት ወፋፍራም ቡሎኖች አንድ በአንድ ወጡ።

አባቷ ሞተር ሲፈታ የማይተወው ልማድ አለው። ካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርፅ ይስልና ቡሎኑ በወጣበት ቦታ ልክ እየበሳ እያንዳንዱን በየቀዳዳው ይሰካዋል። ከዚያ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያሻም፤ ካርቶኑ ራሱ ይናገራል። ዛሬ ግን ሥዕሉን የሳለችው ፍንጭት ናት። «የኔ እጅ ዛሬ ተንቀጠቀጠብኝ፣ ያንቺ ቀጥ ያለ ነው» ብሎ ማርከሩን ሲሰጣት ደስ ብሏት ነበር። የሞተሩ ፊት በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳይ ደማቅ ቀስትም ጨምራበታለች።

በካርቶኑ ላይ ከተሰኩት ቡሎኖች አንዷ ራሷ ቀይ ነው። አምና ጥርሷ ተበልቶ መያዝ ሲያቅታት፣ አባቷ ምትክ ቢያጣ የእናቷን የጥፍር ቀለም አምጥቶ ቀባት። «ይቺ ክዳን ትይዛለች እንጂ ክብደት አትችልም» ብሏት ነበር ለፍንጭት። «ቀይዋን ስታዪ እጅሽን ሰብስቢ።» እናቷ ቀለሙ ማለቁን ስታይ ቤቱ ቀውጢ ሆኖ ነበር፤ «ለብረት ጥፍር የሚቀባ ወንድ ደግሞ የት አገር ታየ!» ብላ ኋላ ራሷ በሳቅ ፈረሰች።

ከጣሪያው ቀዳዳ የሚወርደው ጠብታ ካርቶኑን ማራስ ጀመረ። ፍንጭት ብድግ አድርጋ ከአባቷ በስተግራ፣ ደረቁ ቦታ ላይ አኖረችው። ወዲያው አባቷ ያወጣውን ቡሎን ሊሰካ ቀኝ እጁን ወደ ጎን ላከ። እጁ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አረፈ። ሲሚንቶውን ዳበሰ፤ አለፍ ብሎ ዳበሰ፤ ተመልሶ ዳበሰ።

«ካርቶኑስ?»

«ውኃ ሲነካው ጊዜ ወደዚህ አዛወርኩት።»

«ማን አዛውሪ አለሽ?» ድምፁ መጋዘኑን ሞላው። «አንዴ የተቀመጠ ዕቃ አይነካም! ወደ ነበረበት መልሺ!»

ፍንጭት ደነገጠች። አባቷ ለከባድ ጥፋት እንኳ እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ካርቶኑን በጥድፊያ መለሰችው፤ የረጠበው ጫፍ ከጠብታው እንዲርቅ ብላ ግን ፊትና ኋላውን አዙራ ነው ያስቀመጠችው። ቀስቱን ስላየችው አልተጨነቀችም። ቀስቱ ለማንም ይታያል።

አሁን የቀረው ሞተሩን ማንሣት ነው። በጣሪያው ወራጅ ላይ ሰንሰለት እየሳቡ ዕቃ የሚያነሡበት ፓራንኮ ተሰቅሏል። የማንሻው ሰንሰለት ሞተሩን በሁለቱ ትከሻዎቹ ስለሚይዘው ሁለት ጠንካራ ቡሎኖች ያስፈልጉታል። አባቷ እጁን ወደ ካርቶኑ ሰዶ አንዱን አነሣ፤ ከሰንሰለቱ ጋር አሠረው። ሁለተኛውን አነሣ።

ቀይዋ ናት።

ፍንጭት አፏን ከፈተች። «አባዬ፣ እሷ እኮ» ልትል ነበር። ግን ጩኸቱ ገና ከጆሮዋ አልወጣም፤ ዳግመኛ መጮህ ይጀምራል ብላ ፈራች። ደግሞስ ቀለሙን የቀባው እሱ አይደለም? የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው፤ ምናልባት ጥርሷን አሠርቷት ይሆናል። አባቷ ቀይዋን ቡሎን በጣቶቹ አስገባ፣ በመፍቻው አጠበቀ፣ ራሷን በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገና ቀና አለ።

«እንዳይወዛወዝ ያዢው። እኔ ልሳብ።»

ሰንሰለቱ ተንቋቋ። ሞተሩ ከአልጋው ላይ በዝግታ ተነሣ፤ ከሥሩ ያረጀ ዘይት ጠብ ጠብ አለ። ዔሊ ሸክሟ ሲቀልላት የፊት ጎማዎቿ ላይ ከፍ አለች። ፍንጭት ብረቱን በሁለት እጇ ደግፋ ከዔሊ አጠገብ ወደተነጠፈው ጣውላ ልትመራው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

የሆነ ነገር ጧ አለ። የሞተሩ አንድ ወገን ወረደ፤ ቀሪው ቡሎን ብቻውን ሲቀር ተጣመመና ሞተሩ ዞሮ ተገለበጠ። ከእጇ አመለጠ። ጣውላውን ሰንጥቆ ሲያርፍ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ እግሯ ከደቂቃ በፊት እዚያ ነበር።

አቧራው ቦነነ።

«ፍንጭቴ!» የአባቷ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ነካሽ? ፍንጭቴ፣ የት ነሽ? የት ነሽ?»

ፍንጭት ከፊቱ ቆማለች። እጁን ቢዘረጋ ይነካታል። በሩ ክፍት ነው፣ ብርሃን ይገባል፤ አባቷ ግን ዓይኑን አፍጥጦ አናቷን አልፎ፣ ጎኗን አልፎ ይፈልጋታል።

«እዚህ ነኝ» አለች፤ የራሷ ድምፅ የራሷ አልመስል አላት። «ፊት ለፊትህ ነኝ፣ አባዬ።»

እጆቹ በአየር ላይ መጡ። ትከሻዋን አገኙ፣ ከዚያ ፊቷን፣ ከዚያ ክንዶቿን እስከ ጣቶቿ ድረስ።

«ኧረ ምንድን ነው? መድፍ ነው የተኮሳችሁት?»

ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል። አንድም ቀን ወታደር ሆኖ ባያውቅም እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሚወርደው ካፖርቱ ምክንያት ሰው ሁሉ ኮሎኔል ይለዋል። ከጣውላው ላይ በጎኑ የተጋደመውን ሞተር አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«ዔሊ ሞታም ትራገጣለች በለኛ! ሰው ተረፈ ወይ?»

«ተርፈናል፣ ጋሼ» አለች ፍንጭት።

«እንኳን ተረፋችሁ። እኔ ደግሞ የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት።» ኮሎኔል ወሬውን እያጣጣመ ቀጠለ። «ዳይሬክተሯ ደውለው ነበር። አንድ የተማሪ አባት ለዔሊ ልክ የሚሆን ሞተር አግኝተዋል፤ አዲስ በለው። ሰኞ ይመጣል። ‹ልጆቹ ከዕረፍት ሳይመለሱ ገጥሞ ሜዳውን ይጨድልኝ› ብለዋል።»

አባቷ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እግዜር ይስጥልን» አለ።

«ምነው ቀዘቀዝህ ሰውዬ? እኔ እኮ ዘለህ ታቅፈኛለህ ብዬ ካፖርቴን ቆልፌ ነው የመጣሁት!»

«ደስ ብሎኛል። ደክሞኝ ነው።»

«ብቻ አዲሱም እንደ አሮጌው ቦርሳ የሚበላ እንዳይሆን!» ብሎ ኮሎኔል በራሱ ቀልድ ሳቀ።

የቦርሳውን ነገር የማያውቅ የለም። ለዕረፍት ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀር ዔሊ ሣሩ ላይ የተቀመጠ የአንደኛ ክፍል ልጅ ቦርሳ ላይ ወጥታበት ነበር። የምሳ ዕቃው እንደ ወረቀት ተጣጠፈ። ባለ ቦርሳዋ ልጅ ከአጠገቡ ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ ገና መሄዷ ነበር። አባቷ «ፍሬኑ አልይዝ ብሎኝ ነው» አለ፤ ፍንጭት የራሷን አሮጌ ቦርሳ አጥባ ለልጅቷ ሰጠቻት፤ ትምህርት ቤቱም ለሰሞኑ የሚስቅበት ነገር አገኘ። ፍንጭት ያኔ ከሳቁት አንዷ ነበረች። አሁን ግን ወደ አባቷ ዓይኖች ተመለከተች።

ኮሎኔል ካፖርቱን አውልቆ አገዛቸው። ሞተሩን በገመድ አሥረው፣ በሦስት ሰው ትከሻ አንሥተው ጋሪው ላይ ጫኑት። ሲያነሡት ሁሉ አባቷ «ይዤዋለሁ፣ ይዤዋለሁ» ይላል፤ ፍንጭት ግን ገመዱን የሚያገኘው በመዳሰስ መሆኑን ታይ ነበር። አንዴ ካዩት በኋላ አለማየት አይቻልም። ኮሎኔል ወገቡን ይዞ፣ ስለ እርጅናው እያማረረ ወደ በሩ ጥበቃ ተመለሰ።

ፍንጭት ከወለሉ ላይ የወደቀችውን ቡሎን አነሣች። ቀይ ቀለሙ ትንሽ ተፍቋል እንጂ አሁንም ይጮኻል።

«አባዬ፣ ያሠርካት እኮ ቀይዋን ነበር።»

አባቷ ዔሊ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ሞተር በሌላት ትራክተር ላይ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ።

«አውቄያለሁ» አለ። «ስትወልቅ ነው ያወቅሁት።»

«አላየሃትም?»

«መሐሉ ነው የጠፋብኝ።» የሰው ነገር እንደሚያወራ ነው የሚናገረው። «ዳር ዳሩን አያለሁ። በሩ ይታየኛል፣ ግድግዳው ይታየኛል፣ መንገዱንም አልስትም። ቀጥ ብዬ የማየው ነገር ግን የለም። ፎቶ ላይ አውራ ጣትሽን ብታስቀምጪ፣ ጣትሽ ሥር ያለው ይታይሻል? እንደሱ ነው።»

«እኔስ እታይሃለሁ?»

«ፀጉርሽ ይታየኛል። ትከሻሽም።» ጣቱን በመሪው ላይ አንሸራተተ። «ስትስቂ በድምፅሽ ነው የማውቀው።»

ፍንጭት ጋሪው ጠርዝ ላይ፣ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሐኪም አይቶሃል?»

«በጋ ላይ አንዴ ሄጃለሁ። አንደኛው ዓይን አልፎበታል አለኝ። ሌላውን በመርፌ ማቆየት ይቻላል፣ ግን ቶሎ ጀምር፣ ደግሞም ከመርፌው በኋላ ብቻህን አትሄድምና በሚቀጥለው ሰው ይዘህ ና አለኝ።»

«እሺ?»

«እሺ ምን? ማንን ይዤ ልሂድ? ይዤው የምሄደው ሰው ማወቁ አይቀርም እኮ፣ ልጄ።»

ጠብታው ሲሚንቶው ላይ ይወድቃል። ፍንጭት የተጋደመውን ሞተር ተመለከተች። ድንገት ሌላ ነገር ታሰባት።

«ሞተሩስ? እውነት ሞቷል?»

አባቷ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ። «ሞተሩ ምን ሆነ? ከኔ ይሻላል።»

«እና ለምን…»

«ያ ቦርሳ።» መሪውን ጨበጥ አደረገው። «ቢጫ ነበረ አሉ። እኔ የታየኝ ሣር ነው። ጎማው የሆነ ነገር ላይ ሲወጣ ተሰማኝ፤ አጠፋሁና ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ዳበስኩ። ጨርቅ ነበር። ለስላሳ ጨርቅ። ቦርሳ መሆኑን እስካውቅ ድረስ…» አልጨረሰውም። «ከዚያ በኋላ ሞተሩ አብቅቶለታል አልኩ። ሞተር ከሌለ የሚነዳ የለም። የሚነዳ ከሌለ የሚጠይቅም የለም። በእጄ አጭዳለሁ፣ እጄ ይሠራል፣ አልኩ። እነሱ ደግሞ አዲስ ሞተር አመጡልኝ።»

ፍንጭት እንዲህ ያለ ውሸት ገጥሟት አያውቅም። ባለፈው ዓመት ስለ እውነት የጻፈችው ድርሰት በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎላት ነበር። አረፍተ ነገሮቹ ቀጥ ያሉ፣ መደምደሚያውም የማያወላዳ ነበር። አሁን ስታስበው እዚያ ድርሰት ውስጥ አንድም አባት አልነበረም፤ የሚወደውን ማሽን በገዛ እጁ ገድሎ ሰው እንዳይነካ ያደረገ፣ ያንኑም ለማድረግ የዋሸ ሰው አልነበረም።

«ለዳይሬክተሯ ንገራቸው» አለች። «ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

«ዓይን የሌለው አትክልተኛ ምን ያደርግላቸዋል? የምንኖርበት ቤት የሥራው ቤት ነው። ሥራው ሲሄድ ቤቱም ይሄዳል። እናትሽ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ ወዴት ትሂድ?» ከዔሊ ላይ ወርዶ ቀረባት፤ ድምፁን እንደ ልጅነቷ ምሥጢር ዝቅ አደረገው። «ስሚኝ። አስቤበታለሁ። የምነዳው ጧት ነው፣ ልጆቹ ሳይገቡ። አንቺ ከኋላዬ ትቆሚያለሽ። ግራ ስትዪኝ ግራ፣ ቀኝ ስትዪኝ ቀኝ፣ ቁም ስትዪኝ እቆማለሁ። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ግራና ቀኝ አይጠፋትም።»

ፍንጭት አልሳቀችም።

«ቀደም ብሎ የሚመጣ ልጅ ቢኖርስ? ቢሮጥስ? ‹ቁም› ብዬ ሳልጨርስ ቢገባብንስ?»

አባቷ የጋሪውን ጠርዝ በእጁ ያዘ።

«እማዬስ?»

«እናትሽ ምንም መስማት የለባትም። ከኔና ካንቺ አይለፍ። እሺ በይኝ።»

ፍንጭት እሺም እንቢም አላለችም። አባቷ ፊቱን አዞረ።

«መሣሪያውን ሰብስቢ» አለ። «ሊመሽ ነው።»

እያንዳንዱን መፍቻ በጨርቅ ወልውላ በየቦታው አስገባች። አሁን ለምን ቦታ ቦታውን እንደሚፈልግ ስለገባት በጣም ተጠንቅቃ ነው ያስገባችው። ካርቶኑን ስታነሣ ግን የሳለችው ደማቅ ቀስት ታያት፤ አባቷ ቦታውን በእጁ ነበር የሚያውቀው፣ ካርቶኑን ያዞረችው ደግሞ እሷ ናት። ዓይኗ በእንባ ሞላ። እንባዋን በክርኗ ጠረገችው፤ መዳፏ ዘይት ነው።

ቤታቸው ከመጋዘኑ ብዙም የማይርቅ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተጣበቀ ሁለት ክፍል ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ያልተጠለፉ የደንብ ልብስ ኮሌታዎችን ከጠረጴዛው ላይ ወደ አልጋው አዛውራ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ የሾርባውን ድስት በመሐል አስቀምጣ ጠበቀቻቸው። አባቷ ሲገባ እንደ ሁልጊዜው የበሩን መቃን ነካ፣ የወንበሩን መደገፊያ ነካ፣ ተቀመጠ። ፍንጭት ይህንን ስንት ጊዜ አይታ እንዳላየች አሰበች። እናቷ ደግሞ ስንት ጊዜ አላየችም?

«ኮሎኔል በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ነገረኝ!» አለች እናቷ ጭልፋውን እያነሣች። ፊቷ በርቷል። «አዲስ ሞተር! አንተ ሰው፣ ሰሞኑን ፊትህ እንደ ለቅሶ ቤት ነበር፤ ይኸው ዔሊህ ልትነሣልህ ነው። እስቲ አሁን እንኳ ሳቅ በል።»

«ደስ ብሎኛል።»

«አፍህ ደስ ብሎኛል ይላል፣ ፊትህ ደግሞ የቀብር ነው።» ሾርባውን ቀድታ አስቀመጠችለት። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ሞተሩ ወደቀ የሚባለውስ? ልጅቷ አጠገቡ ነበረች ወይ?»

«ኧረ ምንም አልሆነ። ሰንሰለቱ ተበጠሰ፣ ዱብ አለ፣ አለቀ።»

«ያ ወፍራሙ ሰንሰለት? እሱ ደግሞ እንዴት ይበጠሳል?»

«አርጅቷል። ዝጎ ነበር።» አባቷ ዳቦውን ቆረሰ። «አይደል፣ ፍንጭቴ?»

ከዚያም ፊቱን ከእሷ ትንሽ ወደ ጎን አዞረ፤ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ። ወራት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ፍንጭት የተቆጣት ወይም የሰለቻት ይመስላት ነበር። አሁን ገባት። ያለውን የማየት ጉልበት ሁሉ በጎን በኩል ሰብስቦ፣ እሷን እያየ ነው። እየለመናት ነው።

ዛሬ «አዎ» ብትል ሰኞም «አዎ» ማለት ይኖርባታል፤ ከሰኞ በኋላም እንዲሁ። ጧት ጧት ከኋላው ቆማ ግራ ቀኝ ትላለች፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የቀረው ብርሃን ይሄዳል። ሐኪሙ ቶሎ ብሏል። «አይደለም» ብትልስ? ይህ ጠረጴዛ፣ ይህ ግድግዳ፣ አልጋው ላይ ያሉት ኮሌታዎች የት እንደሚሄዱ አታውቅም። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የጻፈ መጽሐፍ አላነበበችም። ቢኖርም የሚያሳምማት እንጂ የሚያድናት አልመሰላትም። ያቺ ባለ ቦርሳ ልጅ ውኃ ጠምቷት ባይሆን ኖሮ ብላ አሰበች፤ ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻለችም።

«ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፣ እማዬ» አለች።

የአባቷ እጅ ዳቦው ላይ ቆመ። እናቷ ጭልፋውን በድስቱ አፍ ላይ እንደያዘች አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ተመለከተች።

«ምን ማለት ነው? ምንድን ነው የሆነው?»

ፍንጭት ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወንበሯን ከጠረጴዛው ማዶ ጎትታ ከአባቷ ጎን አስጠጋችና ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ ድረስ ተጠግታ ተቀመጠች። አልሸሻትም። ሲተነፍስ ይሰማታል፤ ከባድ፣ እንደ ተሸካሚ ሰው ያለ ትንፋሽ ነው።

እናቷ ጭልፋውን አስቀመጠችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ፍንጭት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ አባቷ እስኪጀምር ጠበቀች። ካልጀመረ ግን ራሷ ትጀምራለች።